«ደህና ነኝ» ከሚለው ቃል ጀርባ፦ ከጭንቀትና ከማይለቅ ሕመም ጋር ሕዝብን መምራት

አንዲት ከንቲባ በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። ስብሰባው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የምትደርሰው ለሰዓት ካላት አክብሮት ብቻ አይደለም፤ መደገፊያ ያለውን ወንበር ሌላ ሰው ሳይቀድማት መያዝ አለባት። ሹራቧን አጣጥፋ ከወገቧ ጀርባ ትሸጉጠዋለች። ንግግሯን የጻፈችበትን ወረቀት በእጇ አትይዝም፤ አትሮንሱ ላይ አስተኝታ በመዳፏ ትጫነዋለች፤ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያልና። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ከወገቧ ተነሥቶ ወደ ግራ እግሯ የሚወርደው ጥዝጣዜ ይጀምራታል። በዚያው ቅጽበት አንድ የምክር ቤት አባል ስለ ውኃ መስመሩ በጀት ይጠይቃታል። ቁጥሩን ሳታዛንፍ ትመልሳለች። ከአዳራሹ ስትወጣ «ደከመዎት እንዴ?» ይሏታል። «ኧረ ደህና ነኝ» ትላለች።

ይህች ከንቲባ ለምሳሌ የተሣለች ናት፤ ኑሮዋ ግን እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2019 ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች 301 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ደግሞ 619 ሚሊዮን። ከእነዚህ መካከል ሚኒስትሮች፣ ዳኞች፣ የምክር ቤት አባላትና ርእሳነ መምህራን መኖራቸው አይቀርም። ስለ እነርሱ የምንሰማው ግን እምብዛም ነው፤ ከሰማንም ብዙ ጊዜ ሥልጣን ከለቀቁ ወይም ከሞቱ በኋላ ነው። ስለማንሰማም «መሪ አይታመምም» ወይም «የታመመ አይመራም» ብለን እናስባለን። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ለምን ስሕተት እንደሆኑ ለማየት ሕመምና ጭንቀት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ይበጃል።

ሥር የሰደደ ሕመም ምንድን ነው?

አማርኛ «ሕመም» የሚለውን ቃል ለበሽታውም ለስቃዩም ያውለዋል። እዚህ በተለይ የምናተኩረው በሚሰማው ስቃይ ላይ ነው፦ ውጋቱ፣ ጥዝጣዜው፣ ቁርጥማቱ፣ ማቃጠሉ። ጣት ሲቆረጥ ወይም እግር ሲወለም የሚሰማን ሕመም መልእክተኛ ነው፤ «እዚህ ጋ ጉዳት አለ፣ ተጠንቀቅ» ብሎ ነግሮን ቁስሉ ሲድን ይሄዳል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየሄደ የሚመለስ ሕመም ግን ሥር የሰደደ ይባላል። አንዳንዱ እንደ አንጓ ብግነት ወይም እንደ ነርቭ ጉዳት ያለ የሚታወቅ መነሻ አለው። አንዳንዱ መነሻው ከዳነ በኋላም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ እንዲህ ያለው ሕመም የሌላ በሽታ ምልክት ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል መዝግቧል።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመምን የአካልም የስሜትም ተሞክሮ ይለዋል፤ አንድ ሰው ያመኛል ካለ ቃሉ ሊከበር ይገባል ሲልም አክሏል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚታይ ቁስል የሌለውን ሕመምተኛ ከሕመሙ ባልተናነሰ የሚያደክመው አለመታመኑ ነው።

ምርመራው ምንም ካላሳየ ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ክርናችን ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ ሳናስበው እናሸዋለን፤ ይሻለናልም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ ማብራሪያ አቀረቡ። ከቆዳና ከጡንቻ የሚነሣው መልእክት በቀጥታ አንጎል ዘንድ አይደርስም፤ በጀርባ አጥንታችን ውስጥ በሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ላይ በር አለበት አሉ። ማሸቱ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። አንጎልም ከላይ ሆኖ ትእዛዝ ይልካል፤ ሲረጋጋ በሩን ያጠባል፣ ሲፈራ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። የዝርዝሩ አንዳንድ ነገር በኋላ ቢታረምም ዋናው ሐሳብ ጸንቷል፤ ሕመም ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ መልእክት አይደለም።

በ1983 ደግሞ ክሊፎርድ ዉልፍ ሌላ ነገር አሳየ። በጉዳት ምክንያት መልእክት የበዛባቸው የሕብለ ሰረሰር ነርቮች ንቁ ሆነው ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ ትንሹን ንክኪ እንደ ትልቅ አደጋ ያስተላልፉታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው ነው። ሌባ ገብቶበት የነበረ ግቢ ዘበኛ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ቢጮኽ ዋሽቷል አንለውም። ጩኸቱ እውነተኛ ጩኸት ነው፤ ቤተሰቡንም በእርግጥ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። ልኩን ያጣው ንቃቱ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ምንም የማያማቸው ሰዎች የወገብ ምስል ሲነሡ በ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 96 በመቶ ላይ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) መሸርሸር እንደሚታይ በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ቅንብር አመልክቷል። ምስሉ ብቻውን «ታመሃል» ወይም «አልታመምህም» ብሎ መፍረድ አይችልም ማለት ነው።

ጭንቀት ሁሉ በሽታ ነው?

አይደለም። ነገ በሕዝብ ፊት የሚቆም ሰው ዛሬ ቢጨነቅ ጤነኛ ነው፤ ጭንቀቱ ያዘጋጀዋል። ሕመም የሚሆነው ከምክንያቱ ሲገዝፍ፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም አልሄድ ሲል፣ ሥራንና ኑሮን ሲያውክ ነው። አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ያለበት ሰው ቢያንስ ለስድስት ወር አብዛኛውን ቀን ከአንዱ ስጋት ወደ ሌላው ሲሻገር ይውላል፤ ሐሳቡን ማቆም ያቅተዋል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይርቀዋል። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ሌላ መልክ አለው፦ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ «መሞቴ ነው» ያሰኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል። በሰው ፊት መታየትን የሚያስፈራው ማኅበራዊ ጭንቀትም አለ። ይህ ያለበት ሰው የአደባባይ ሥራ አይመርጥም ብለን እናስብ ይሆናል፤ ለሚያምንበት ጉዳይ ሲል የሚመርጥ ግን ይኖራል።

ሁለቱ ለምን አብረው ይመጣሉ?

ወደ ከንቲባችን እንመለስ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወገቧ ቀሰቀሳት። በግራ ጎኗ ዞረች፣ አልሆነም። በጀርባዋ ተኛች፣ አልሆነም። በዚህ መሀል ሐሳብ ይመጣል፦ «ነገ ጠዋት ቢብስብኝስ? ደረጃውን እንዴት እወጣለሁ? ሲያነክሰኝ ቢያዩኝስ?» ይህን ስታስብ መንጋጋዋ ይገጥማል፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ትንፋሿ አጭር ይሆናል። የጀርባዋ ጡንቻ ሲወጠር ውጋቱ ይጨምራል። ውጋቱ ሲጨምር «ይኸው፣ እንደ ፈራሁት ነው» ትላለች። እንዲህ ሲል ይነጋል።

በዚያ ሌሊት የሆነው ይህ ነው። ስጋት ሲነሣ አንጎል አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖች እንዲለቀቁ ያዛል፤ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይሰናዳል። ሕመምም ስጋት ነው፤ ያንኑ ደወል ይደውላል። አንጎል ሕመምንም ጭንቀትንም የሚቆጣጠርባቸው ኬሚካሎች በከፊል አንድ ናቸው፤ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በሁለቱም ውስጥ ይሠራሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሕመም ይበረታበታል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ጭንቀት የሚበዛባቸው የመንፈስ ድክመት ስላለባቸው አይደለም፤ ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ቤት ስለሆነ ነው።

ፍርሃቱ ሌላም መዘዝ አለው። ያመመው ሰው ያሳምመኛል ያለውን እንቅስቃሴ ይተዋል፤ በመተዉም ጡንቻው ይዝላል፤ የዛለ ጡንቻ ቶሎ ያማል። ጭንቀትም እንዲሁ ነው። አንድ መድረክ የሸሸ ሰው ለዚያ ቀን ይገላገላል፣ የሚቀጥለው መድረክ ግን ይገዝፍበታል።

የአደባባይ ሥራ ምን ይጨምርበታል?

ማንኛውም ሠራተኛ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ መሪ ላይ ግን የሚደራረብ ነገር አለ። ሰዓቱ በእጁ አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ «ዛሬ አሞኛል» ማለት አይቻልም። ረጅም መቀመጥ፣ ረጅም መቆም፣ ረጅም መንገድ የዕለት ተዕለት ሥራው ናቸው። ፊቱ ይነበባል፤ ውጋት ሲያስኮሳትረው «ተቆጣ» ይባላል፣ ከመድረክ ቶሎ ሲወርድ «ናቀን» ይባላል። ተቀናቃኝ አለው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን በጣም የሚከብደው መደበቁ ይመስለኛል። መደበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ንግግር እያደረገ የገዛ ፊቱን የሚጠብቅ፣ እጁን የሚጠብቅ፣ አረማመዱን የሚጠብቅ ሰው በአንድ አንጎል ሁለት ሥራ ይሠራል። ትኩረት እንደ ጉልበት ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝለት ከፊሉ ከሕመሙ ሳይሆን ሕመሙን ከመሸፈን የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ የምናወድሰው መሪ «ቻይ» የሚባለው ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» እያለ የሚሸከመው። መቻል መልካም ነው። ነገር ግን ችሎ ዝም ያለ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ መምራት ይችላል?

ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ መሪው የሚወስነው ስለ ሌሎች ሕይወት ነውና። ሕመም ሲበረታ ትኩረት ይቀንሳል፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በአእምሮ መያዝ ይከብዳል፤ ትዕግሥት ያጥራል። ይህን መካድ አይጠቅምም። ዕውቀት፣ ልምድ፣ ሰውን የመረዳት ችሎታ፣ ክፉውን ከደጉ መለየት ግን በዚያው አብረው አይጠፉም። ስለዚህ «ታሟል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ሲብስበት ማን ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ኖርዌይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥታ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1998 ክረምት ማብቂያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሼል ማግነ ቦንደቪክ ድብርት እንደያዛቸውና የሕመም ፈቃድ እንደሚወስዱ ሕመሙን በስሙ ጠርተው ለሕዝብ አሳወቁ። ሥራውን አነ ኤንገር ላንስታይን ተክተው ያዙ። ቦንደቪክ ከሦስት ሳምንት በላይ ዐርፈው፣ ታክመው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። በ2001 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የእሳቸው ሕመም ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ትንሽ ይለያል፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፦ ስሙን መጥራት፣ ተተኪውን ማሳወቅ፣ መታከም፣ መመለስ።

ከዚያ 26 ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1972 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩት ሴናተር ቶማስ ኢግልተን ቀድሞ በድብርት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገብተው እንደነበር ሲታወቅ፣ ከታጩ 18 ቀን በኋላ ከዕጩነት ወረዱ። ሆኖም በሴናተርነታቸው እስከ 1987 ድረስ አገልግለዋል። ለአንዱ ወንበር አይበቁም የተባሉት ሰው በሌላው ላይ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠሩ።

ሕግም አድልቶ ያውቃል። በብሪታንያ በ1983 የወጣ የአእምሮ ጤና ሕግ፣ አንድ የምክር ቤት አባል በአእምሮ ሕመም ምክንያት ተይዞ ስድስት ወር ካለፈው ወንበሩን እንዲያጣ ያዝዝ ነበር። በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ያንኑ ያህል ሆስፒታል የተኛ አባል ግን ወንበሩ አይነካበትም። በ2012 ሰኔ ወር ኬቨን ጆንስና ቻርልስ ዎከርን ጨምሮ ጥቂት አባላት በዚያው ምክር ቤት ቆመው ስለ ገዛ ሕመማቸው ተናገሩ። ድንጋጌው በ2013 ተሻረ።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ሥር የሰደደ ሕመም ሁልጊዜ ነቅሎ አይጠፋም። የሕክምናው ግብ ብዙ ጊዜ ሕመሙ እያለ ኑሮን ማስፋት ነው፤ ኑሮ ሲሰፋም ሕመሙ ራሱ ሊቀንስ ይችላል።

የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲን እንውሰድ። ከ1944 እስከ 1957 ባለው ጊዜ ጀርባቸውን አራት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ታከሙ፤ በ1954 የተደረገው ሞት አፋፍ አድርሷቸው ነበር። ፕሬዚዳንት ሆነው ሕዝቡ የሚያያቸው በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ዘና ብለው ተቀምጠው ነው፤ ወንበሩን የመከሯቸው ግን ሐኪማቸው ጃኔት ትራቬል ለጀርባቸው ሲሉ ነበር። በ1961 ሃንስ ክራውስ የተባሉ ሐኪም ደረጃ በደረጃ የሚጨምር የሰውነት እንቅስቃሴ አስጀመሯቸው፤ ቢላዋ ያላመጣውን መሻሻል አመጣላቸው። የሕክምና መዛግብታቸው ለታሪክ ጸሐፊ የተከፈተው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2002 ነው።

ዛሬም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ እንቅስቃሴ ነው፤ በልክ እስከሆነ ድረስ። ብዙ ሰው ደህና በዋለ ቀን የሳምንቱን ሥራ ይጨርሳል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይወድቃል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ደህና በሆነበትም ቀን በሰዓት መቆም፣ ባመመበትም ቀን ጥቂት መንቀሳቀስ ነው። ሐሳብንና ድርጊትን የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምና ለሁለቱም ይሠራል፤ «ቢብስብኝስ?» የሚለውን ሐሳብ ሰውየው ሳያባርረው፣ ሳይታዘዘውም እንዲኖር ያሠለጥነዋል። ከመድኃኒቶች መካከል እንደ ዱሎክሴቲን ያሉት ለጭንቀትም ለአንዳንድ ሕመሞችም ይታዘዛሉ። በሞርፊን ወገን ያሉ ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጥቅማቸው እያነሰ ጥገኝነታቸው ይጨምራል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የጭንቀት መድኃኒቶችም ቶሎ ያለምዳሉ፤ ሁለቱን ወገኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድ ላይ መውሰድ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። አዲስ መድኃኒት ደግሞ ትልቅ ንግግር ባለበት ቀን አይጀመርም፤ ያፈዝዝ ወይም አያፈዝዝ እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ጥቂት ምልክቶች ግን «የለመድሁት ነው» ሊባሉ አይገባም። የደረት ሕመም ሐኪም ሳያየው ጭንቀት ነው ተብሎ አይታለፍም። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው፣ በእግሮቹ መካከል ከደነዘዘው ወይም እግሩ በድንገት ከከዳው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣም እንዲሁ፤ ነገ አይባልም።

ሥራው እንዴት ይደራጃል?

በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚለውን ሐሳብ ዓለም አቀፍ ሕግ አድርጎታል፦ ሰው ሥራውን እንዲሠራ፣ ሥራው ላይ ከመጠን ያለፈ ሸክም ሳይሆን፣ ሁኔታውን ማስተካከል። ለመሪ ይህ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሃምሳ ደቂቃው እረፍት ያለው ስብሰባ ሁሉንም ይጠቅማል፤ ሰብሳቢዋ ስትነሣም ማንም አያስተውላትም። ሁለት ከባድ መድረኮች በአንድ ቀን አይያዙም። ረጅም ጉዞ ተደርጎ በዚያው ሰዓት ንግግር አይደረግም። ከባድ ውሳኔ ሕመሙ በበረታበት ምሽት አይፈረምም፤ ሊያድር የሚችል ከሆነ ያድራል፣ ሊያድር የማይችል ከሆነ ሁለተኛ ሰው አብሮ ያየዋል።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በደህናው ቀን ይጻፋል፦ ሲነሣብኝ እኔው የምቀጥላቸው ሥራዎች እነዚህ ናቸው፣ ምክትሌ የሚይዛቸው እነዚህ፣ የሚተላለፉት እነዚህ። በሕመሙ መሀል ሆኖ ይህን ማሰብ አይቻልምና። የጭንቀቱን ግማሽ የሚሸከመው «ከወደቅሁ ሁሉም ይወድቃል» የሚለው ሐሳብ ስለሆነ፣ ወረቀቱ መኖሩ ብቻውን እንቅልፍ ይሰጣል።

ለሕዝብ መናገር ግዴታ ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱ የሚናገረው ስለ ሐኪም ነው፤ አደባባይ ወጥቶ ስለ መዘርዘር አይደለም። የመሪ የሕክምና መዝገብ የግሉ ነው። ሕዝብ የማወቅ መብት ያለው ሥራው እየተሠራ መሆኑንና፣ ካልተሠራ ማን እንደሚሠራው ነው። መሪው ለሳምንታት ከሥራ የሚርቅ ወይም ውሳኔ የመስጠት አቅሙ የሚነካ ከሆነ ግን ዝምታው ወሬ ይወልዳል፤ ወሬው ደግሞ ከእውነቱ ይከፋል። ከዚህ በመለስ ያለው የራሱ ምርጫ ነው። አንዳንዱ ለምክትሉና ለጸሐፊው ብቻ ይነግራል፣ ይበቃዋል። ለመናገር የወሰነ ሰው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ያለብኝ ይህ ነው፣ ሕክምና ላይ ነኝ፣ ሥራው በዚህ መልኩ ይቀጥላል።

አጠገባቸው ያለን ሰዎችስ?

«አይዞዎት» ደግ ቃል ነው፤ ሲደጋገም ግን ሰሚውን እንደገና «ደህና ነኝ» ያሰኘዋል። «እኔም ወገቤን ያመኛል» ማለትም ቅርበት ለመፍጠር የታሰበ ቢሆን እንኳን ወሬውን ወደ ራስ ይመልሰዋል። ከንቲባዋ አንድ ጸሐፊ አለቻት እንበል። ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን መርሐ ግብር ይዛ ትገባለች፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «ከእነዚህ ሁለት ስብሰባዎች የትኛውን ወደ ሐሙስ ላሻግረው?» ብላ ትጠይቃለች። ከንቲባዋ ወረቀቱን አይታ በጣቷ ታመለክታለች። ስለ ወገቧ ማንም አላነሣም።